ሰነፉ ሙሽራ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ከጫካው በሚገናኝበት ጫፍ፣ እማማ ብዙነሽ የሚዳቋ አማት ሆነው ነበር።

ሙሽሪትን ባለፈው ጥር ከውሻ አፍ አስጥለው በጡጦ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ግንባሯ ላይ እንደ ሹሩባ የቆመ ጸጉር አላት፤ ቀንድ የላትም። ሙሽራው የመጣው በሰኔ ነው። የደን ጠባቂው ቶሌሳ ከሽቦ ወጥመድ ፈትቶ፣ እግሩ እስኪድን ብሎ ግቢያቸው አስገባው። ቁመቱ ከሙሽሪት ይበልጣል፤ ከአውራ ጣት የማትረዝም ቀንድም አለችው። እማማ ቀንዱን አዩና ሙሽሪትን "ወንድ አገኘሁልሽ" አሏት።

ጎረቤት ሳቀ። "የእናንተንስ ልጆች ድሬ የለም እንዴ፣ ምን ያስቃል?" አሉ እማማ።

ኋላ የቶሌሳ አለቆች ወሬውን ሰሙ። አውሬ በግቢ ማቆየት ክልክል ነው፤ የሚዋለዱ ከሆነ ግን እስከ ኅዳር ሚካኤል እንታገሣለን፤ ካልሆነ ሁለቱም ይወሰዳሉ፣ አሉ። እማማ ሙሽሪትን ከሚያጡ ዓይናቸውን ቢያጡ ይመርጣሉ።

ሙሽራው ግን ከርሱን እንጂ ሚስቱን አያውቅም። ጎመኑን ጠርጎ ይበላል፣ ፀሐይ ላይ ይዘረራል፣ ሙሽሪት ስትጠጋው በራሱ ገፍቶ ያባርራታል። መስቀል ሲደርስ ሆዱ ከበሮ አከለ። እሷ ምስኪን ቀኑን ሙሉ ግቢውን ስትዞር ትውላለች፤ የአጥሩን እንጨት አንድ በአንድ በጉንጯ እየታከከች።

"ባሏ የማይስማት አጥር ብትስም ይፈረድባታል?" አሉ እማማ።

"ግንባሯንም እንጨት ላይ ታሻሻለች" አለ ቶሌሳ።

"እሱ ያመጣባት ራስ ምታት ነው።"

"እማማ፣ አይስደቡት። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ሚዳቋ በከንቱ አይተኛም። ለቁም ነገር ጉልበት ይቆጥባል።"

"ለየትኛው ቁም ነገር? ከሰኔ ጀምሮ የቆጠበው ጉልበት እኮ እንጦጦን ያርሳል።"

ኅዳር ገባ፤ ግልገል የለም። እማማ ቶሌሳን ጠርተው "ይሄን ሰነፍ ውሰድና ወንድ የሚባል ወንድ አምጣልኝ። ሙሽሪት እኔ ጋ ትቆይ" አሉት። አለቆቹን ለመነ፤ እስከ ፋሲካ ፈቀዱ።

በሚካኤል ዋዜማ ጠዋት ፒካፕ መጣ። ሙሽራው ጭዱ ላይ ተኝቶ ያለከልካል፤ ቢቀሰቅሱት አልነሳ አለ።

"ሥራ ሲመጣ ታመመ" አሉ እማማ።

ቶሌሳና ሾፌሩ ከነጭዱ ሳጥን ውስጥ ከተቱት። "ይከብዳል" አለ ቶሌሳ እያቃሰተ።

"ጎመኔን ነዋ የተሸከምከው።"

መኪናው ዳገቱን ሲይዝ እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አጥሩ ሥር ለቆመችው ሙሽሪት ትከሻቸውን ሰበቁላት። "ተገላገልሽ የኔ ልጅ፣ ተገላገልሽ።"

መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ወዲያው በኋላ ማርሽ እስከ በራቸው ተመለሰ። ቶሌሳ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር።

"ምን ሆነ?" አሉ እማማ። "ጎማውንም በላው?"

ቶሌሳ ሳቁን ሳያቆም በእጁ ሳጥኑን አሳያቸው፤ እማማ ራሳቸው ከፈቱት።

ሙሽራው ተጋድሞ፣ ገና ያልደረቀ ግልገሉን ይልሳል።