ማድ ቤቴ በሌላ ወረዳ

ውሸት ከሆነ ይህ ምላሴ ይቆረጥ! በየዓመቱ የወረዳ ወሰን የሚያሰምረው ማሽን ዘንድሮ ቤቴን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሳሎኑን ለወረዳ አራት፣ ማድ ቤቱን ለወረዳ ዘጠኝ ሰጠው። ባለቤቴ እቴነሽ ምሳ እየሠራች ሳለ ሠራተኞች መጥተው የመካከሉን በር በሳንቃ ዘጉት።

እኔ ሽብሩ ዝም ልል? የወረዳውን ሥራ አስፈፃሚ በክራቫቱ አንጠልጥዬ፣ «አንተ ቀላዋጭ፣ ሚስቴን ከእኔ ልትለይ?» ብዬ ስጮህበት አገር ተናወጠ። ሦስት መቶ ፖሊስ ከበበኝ፤ ማን ሊደፍረኝ! ሰውዬው እግሬ ላይ ወድቆ፣ «በርዎ ነገ ይከፈታል፣ ጋሼ» አለኝ።

ይህን ለጎረቤቶቼ ስተርክላቸው፣ እቴነሽ በግድግዳው ቀዳዳ የወጥ ሳህን አሾልካ አቀበለችን።

«ብሉ እንጂ» አለች በቀስታ። «ሥራ አስፈፃሚው ሲመጣ ሽብሩ ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀለት። በሩን ሲቸነክሩብኝም መዶሻ ያቀበላቸው እሱ ነው።»