የእሑዱ ውድድርና የኑርዬ ልጅ

ሱሩር ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰው ተሰብስቦ ኳስ የሚያይበት የቴሌቪዥን ቤት አለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ የመኪና እሽቅድምድም ይታይበት ጀምሯል። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓለም አቀፍ ውድድር ድሮ በአብዛኛው የአውሮፓ ሰዎች ጨዋታ ነበር። ቀስ በቀስ ባሕር ተሻግሮ እስያ ገባ፣ አረብ አገር ገባ፤ አሁን ደግሞ ወደ አፍሪካም ሊመለስ ነው ይባላል። አዲስ ከተማ በተጨመረ ቁጥር አዲስ አስፋልት ይነጠፋል፣ ለተመልካች መቀመጫ ይተከላል። ብረቱን የሚሸከመው ሰው ታዲያ ከየአገሩ ይመጣል። ከሐይቅም ይሄዳል።

ከሐይቅ የሄዱት ሁለት ናቸው፤ የዓሣ አጥማጁ የኑርዬ ልጅ ሙስዓብና የሱሩር ታናሽ ወንድም ሙሐዲን። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ሙሐዲንን አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው ሱሩር ነው። ሁለቱ ልጆች መቀመጫውን ገጥመው ሲጨርሱ፣ በውድድሩ ቀን መንገዱ ላይ የወደቀ ስብርባሪ እንዲጠርጉ ተመርጠው ነበር። እሑድ ቴሌቪዥን ክፈቱ፣ ብርቱካናማ ልብስ የለበሱት እኛ ነን ብለው ደወሉ። ሳምንቱን ሙሉ የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ ወሬ ይኸው ሆኖ ሰነበተ።

እሑድ ቀትር ላይ የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ጋሽ ታረቀኝ መጡ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቅሬ አለው፣ መቃብሩ ለየብቻ ቢሆንም ለቅሶው አንድ ላይ ነው። ታረቀኝ አልተቀመጡም። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ።

«ሙስዓብ አርፏል» አሉ። «ከሚገጥሙት መቀመጫ ብረት ላይ ወድቆ።»

ከሱሩር አፍ መጀመሪያ የወጣው «ሙሐዲንስ?» የሚል ነበር። ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው አሉት፣ መሬት መሬቱን እያዩ። ሱሩር «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ አለና ወዲያው በራሱ አፈረ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ወሬው እንደደረሰ አይነገርም፤ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው። እስከዚያ ሐዘንተኛው ምንም እንዳይሰማ ይደረጋል። ለዚህ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ነውሩ አለመዋሸቱ ነው።

ታረቀኝ ሁሉንም አስረዱት። ኑርዬ ልጃቸውን ለማየት መምጣታቸው አይቀርም። ደም ግፊት አለባቸው፣ ድንገት ከሰሙ እዚያው ይደፋሉ። ስለዚህ ሱሩር እስኪመሽ ከጎናቸው እንዳይለይ። ስልኩንም ተቀበሉት፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ቢደወልበትስ? እህቱ ኢንሳፍም ከኮምቦልቻ ተጠርታለች፣ የኑርዬን ባለቤት የምትይዝ ሴት ያስፈልጋል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰዉ ሱሩር በር ላይ ይገናኝና አብረው ይሄዳሉ።

«አብሽር፣ ወንድ ሁን» አሉት። ትከሻውን እንደያዙ ትንሽ ቆዩ።

ኑርዬ ውድድሩ ሳይጀመር መጡ። ጥብስ ዓሣ በሰሃን ይዘዋል። እንደገቡ ከሱሩር ጎን ተቀመጡና ብላ አሉት። እርስዎስ ሲላቸው እኔ ጠግቤ ነው የመጣሁ አሉ። ሱሩር ሳይወድ በላ፤ እምቢ ቢል ይጠረጥራሉ።

ቤቱ ጢም ብሏል። ሌላ ጊዜ ጩኸቱ ጣራ የሚያነሳው ጎረምሳ ዛሬ ድምፅ የለውም። ሱሩርን የሚያየው ሁሉ ዓይኑን ይሰብራል። ሱሩር ነገሩ ገባው፤ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ያውቃል።

መኪኖቹ ተነሱ። ኑርዬ ጥቂት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ሁሉ ሩጫ ከተነሱበት ለመድረስ ነው? የወልድያ ሚኒባስ እንኳ ቢዘገይ ቢዘገይ ወልድያ ይደርሳል።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ኑርዬ ከዚያ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ሱሩርን ያዩት ጀመር። ከልጆቹ ምን ሰማህ ብለው ጠየቁት። ትናንት ማታ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለ ሱሩር። ኑርዬ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሱሩር ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። የሆነ ሰው ነግሯቸዋል ማለት ነው?

ወዲያው አንድ መኪና ከግንቡ ተላትሞ ተበታተነ። ብርቱካናማ የለበሱ ሰዎች መጥረጊያ ይዘው መንገዱ ላይ ወጡ። ሱሩር የጠበቀው ይህን ነበር። ከመቀመጫው ብድግ አለና ከፊት ያለውን በጣቱ አሳያቸው።

«ያ ነው ሙስዓብ። አዩት ጋሼ?»

ኑርዬ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። እሱ ነው አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ሰው አዞሩ።

«ከጎኑ ያለው ደግሞ ሙሐዲን ነው። አካሄዱን አታየውም?»

ሱሩር አየ። ሰውየው ራስ ቁር አድርጓል፣ ፊቱ አይለይም። አካሄዱ ግን እውነትም የሙሐዲን መሰለው። ከቀትር ጀምሮ ተንጠልጥሎ የዋለ ልቡ አረፈ። ዞር ሲል የኑርዬ ዓይን እንባ አቅርሯል። የደስታ ነው ብሎ አሰበ።

ሲመሽ እስከ በራቸው ሸኛቸው። ኑርዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። አላህ ያበርታህ አሉት። ሱሩር አሚን አለና ፊቱን ሳያሳይ ተመለሰ። የነገውን ሲያስብ ማን ማንን መመረቅ እንዳለበት ግራ ገባው።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ከበሩ ላይ ቆመ። ሱሩር ሱብሒን ሰግዶ እየጠበቃቸው ነበር። ጋቢውን ደረበ፣ ጫማውን አጠለቀ። ኑርዬ ሲወድቁ በየት በኩል ቆሞ እንደሚይዛቸው እያሰበ በሩን ከፈተ።

ከሰዉ ሁሉ ፊት የቆሙት ኑርዬ ነበሩ፤ እሳቸው ቀድመው ክንዱን ያዙና «ሱሩር ልጄ፣ ግባና ተቀመጥ» አሉት።