በማን ስም

የአንጓች ባል ሃያ ዓመት ሙሉ «አንጓች ትሙት፣ ሁለተኛ አላጨስም!» እያለ ይምላል፤ ሳይመሽ ደግሞ ያጨሳል። ሳንባውን ካንሰር ይዞት የጨረር ሕክምና ሲጀምር ግን ነርሷ «ሲስተር ፌቨን ትሙት በል» ብላ በራሷ ስም አስማለችው። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ አንድም አላጨሰም። ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለሽ» ባላት ቁጥር አንጓች ቅጥል ትላለች።

«የእኔን ስም ስትረግጥ ኖረህ፣ የእሷን እንዴት አከበርከው?» አለችው።

ሳቀ። «እሷ ከሞተችብኝ ማን ያክመኛል? አንቺ ሙች፣ ሌላ ነገር የለም።»

በማግስቱ ወደ ሕክምናው ሲሄድ ኮቱን ራሷ አለበሰችውና እስከ በር ሸኘችው። እዚያ ሲደርሱ «ቆይማ!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሲጋራውን ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከታዋለች፤ ክብሪቱን ግን ረስታው ነበር።