የባውማን ፋርማሲ የአምፖል መፈተሻ

ኦርቪል ባውማን ፋርማሲውን ሊዘጋ ነው ሲባል የከተማው ሰው አዘነለት። እሱ ግን የማንንም ሐዘኔታ አልፈለገም። አውራ ጎዳናው ዳር የተከፈተው ትልቅ መደብር መድኃኒቱንም፣ ሳሙናውንም፣ ደንበኞቹንም ወስዶበታል።

"ይውሰድ!" አለ ኦርቪል። "ያቺን ግን ማንም አይነካትም።"

"ያቺ" በሩ አጠገብ የቆመችው የአምፖል መፈተሻ ናት። ቁመቷ ደረት ይደርሳል፣ ፊቷ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ያኔ ቴሌቪዥንና ራዲዮ በመስታወት አምፖል በሚሠሩበት ዘመን፣ የኦሃዮ ሰው ቴሌቪዥኑ እምቢ ሲለው አምፖሎቹን ነቃቅሎ በከረጢት ይዞ እዚህ ይመጣ ነበር። ጠጋኝ አይጠራ፣ ለማንም አይከፍል። ራሱ ቀዳዳው ላይ ይሰካና የመለኪያዋን መርፌ ያያል። አረንጓዴው ላይ ካረፈች አምፖሉ ደህና ነው። ቀዩ ላይ ከሆነች ግን አዲስ አምፖል ከሥሯ ባለው ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይጠብቀዋል። የኦርቪል ሚስት ሄዘል፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየማለዳው ትወለውላት ነበር። ሄዘል ከሞተች ወዲህ የሚወለውላት እሱ ነው። ሰባራ ዕቃ ሆና እንዳትቀር የሚፈራውም ለዚህ ነው።

"አባዬ፣ ለቆራሌው ስጣትና እንገላገል" አለው ልጁ ዌይን፣ መደርደሪያ እየፈታ። "ማን ይፈልጋታል?"

"አንተንስ ማን ይፈልግሃል?"

ዌይን ቆራሌው ያለው ሮይስን ነው። ሮይስ በማግስቱ ከተፍ አለ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ፒካፑ ላይ ሆዳቸው ተዘርግፎ ሽቦአቸው የተንጠለጠለ መፈተሻዎች ተጭነዋል። ኦርቪል ይህን በመስኮት ሲያይ ደሙ ፈላ።

ሮይስ ተንበርክኮ መፈተሻዋን ከሥር እስከ ላይ አያት። አንድ እግሯ ተሰብሮ ነበርና ስባሪው የት እንዳለ ጠየቀ። የአምፖሎቹ ቁጥር የተጻፈበት ሠንጠረዥ ሙሉ መሆኑን ጠየቀ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍም ጠየቀ።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አለው ኦርቪል።

"መጀመሪያ ሆዷን እዘረግፋለሁ" አለ ሮይስ ምንም ሳያፍር። "ውስጧ ያለው አብዛኛው የሚጣል ነው።"

"እንግዲያው ውጣልኝ!"

"እንዴ፣ አቶ ባውማን፣ ይስሙኝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ እኮ..."

"ውጣ አልኩህ! ዓይኔ እያየ አትታረድም!"

ዌይን መሃል ገብቶ ሰውየው ደህና ዋጋ እንደሚሰጥ ቢነግረው፣ ሮይስም ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ ቢለምነው፣ ኦርቪል ወይ ፍንክች! በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ጠበቀው። እሰይ፣ እንዲህ ነው ወንድ።

በሳምንቱ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ገባች። ካፖርቷ ንጹሕ ነው፣ ጫማዋም እንዲሁ። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ መፈተሻዋ ላይ ተተከለ። ጠጋ ብላ እጇን ጫነችባት።

"በአውራጃው የቀረችው ይቺ ብቻ ናት" አለች። "ከየብረታ ብረት ሱቁ፣ ከየነዳጅ ማደያው አንድ ሳይቀር ለቅሜአለሁ። ዕድሜዬን ነው የፈጀብኝ።"

"ከዚያስ መልሰሽ ትሸጫለሽ?"

"ከእጄ የወጣች የለችም።"

"ለቆራሌም?"

"አንዲት ብሎን እንኳ!" አለች ቀና ብላ። "ሰው እብድ ናት ይለኛል። ባሌ እኔን ወይ ማሽኖቹን ምረጪ አለኝ። ሻንጣውን በር ላይ አወጣሁለት።"

ኦርቪል ከሄዘል ሞት ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። "ጎሽ! ስምሽ ማነው፣ ልጄ?"

"ኔልዳ ፕሩት።"

"የቴሌቪዥን ጠጋኙ የፕሩት ልጅ! ሱቁ እዚሁ ፊት ለፊት አልነበር? ይቺ መፈተሻ የመጣች ሰሞን ገብቶ አይቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሩ ጠፋ። አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ አየሁ። ደህና ነው?"

"ሞተ። ቶሌዶ ከተማ፣ የፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ።"

"ነፍሱን ይማር። እጀ ወርቅ ነበር።"

"ነበር" አለች ኔልዳ። እጇን ከመፈተሻዋ አላነሳችም።

የኦርቪል ሆድ ባባ። ዕድሜውን በአምፖል ያሳለፈ ሰው ልጁ መፈተሻ ብትሰበስብ ምን ይገርማል! ደግሞ ትሠራለች ወይ ብላ አልጠየቀች፣ ዋጋዋን አልጠየቀች። የወደደ ሰው መቼ ዋጋ ይጠይቃል?

"አልሸጥልሽም" አላት። "ሰጥቼሻለሁ።"

"አባዬ!" አለ ዌይን።

"አንተ ዝም በል! ከዚያኛው ጎን ያዝና አሸክማት!"

ኔልዳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጭነው አሰሩላትና መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ኦርቪል ጎዳናው ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበ። የሄዘል ዕቃ ከዚያ ሁሉ ነጣቂ ተረፈች፣ ደስታውን አልቻለም።

ወደ ውስጥ ሲመለስ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ዌይን ነገ ይደርሳል ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኪናውን አስነሳ። ሌሎቹንም ተደርድረው ሊያያቸው ጓጉቷል። የፕሩት አሮጌ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከበቆሎ ማሳው ወዲያ ነው። ከጓሮው ያለው የመጋዘን በር ገርበብ ብሏል።

"ኔልዳ! ቁልፉን ረሳሽው እኮ!" እያለ በሩን ገፋ አደረገው።

እስከ ጣሪያው የተከመረው የተቀጠቀጠ ቆርቆሮና የተፈጨ መስታወት ሥር፣ ኔልዳ ካፖርቷን አውልቃ፣ "አባቴ፣ እንጀራህን ከነጠቁት የመጨረሻዋ ይቺ ናት" እያለች ትልቁን መዶሻ በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሳች።