የጋሽ አስማማው በር

"ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ካለች ይኸው ጣና ይዋጠኝ!" አለ ጋሽ አስማማው። በጥሩወርቅ ልጅ ክርስትና ላይ ከባሕር ዳር በጀልባ የመጡት የባሏ ዘመዶች ጆሯቸውን ጣሉለት።

ሐይቁ በየክረምቱ የዳሩን አውራ ጎዳና መዋጥ ከጀመረ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ የዳር ቤት ሁሉ ወደብ ይሆናል፣ በሩም ተነቅሎ ለጀልባ መረማመጃ ይነጠፋል። ተነጥፎ የተመለሰ በር የለም። የመንደሩ ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ መቀየር፣ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ማደር ለምደዋል።

"ጥሩወርቅን ምጥ አጣድፏታል፣ ሐኪም ቤቱ ማዶ፣ መንገዱ ውኃ! ማዕበሉ ቤት ያክላል። የቤቴን በር በአንድ እጄ ነቀልኩ፤ በሌላው ጀልባዋን ከነሞተሯ በገመድ ጎትቼ አስጠጋሁ። 'አይዞሽ ልጄ፣ አስማማው አለልሽ!' ብዬ በዚያው በር ላይ አሻገርኳት። ሐይቁ ራሱ አፍሮ ጸጥ አለ!"

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። "የጣና ጉማሬ!" አሉት እንግዶቹ። ደረቱን ነፋ፤ ከማውራቱ ብዛት ገመዱ መዳፉን የላጠው ሁሉ መሰለው።

ጥሩወርቅ ሕፃኑን ወደ ሌላ ክንዷ አዛወረች።

"ጋሽዬ" አለች በለሆሳስ፣ "ያን ቀን እኮ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ገመዱን የያዙት ባለቤትዎ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። እርስዎ በሩን አቅፈው 'አልሰጥም' ብለው ሲያለቅሱ፣ እኔ የተሻገርኩት በእሳቸው የጣውላ አልጋ ላይ ነው። እስከ ዛሬ መሬት ነው የሚተኙት።"