አራተኛው ተራ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከመመሪያው ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ በክብር ተሰናብታለች።

መመሪያው በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን ስለሚያስነሳ፣ በነጻ ስለተለቀቀ ፕሮግራም ነው። ይህን ማስታወቂያ የለጠፈው የመመሪያው ጸሐፊ ቁጭ ብድግ ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ፣ አንድ ሰው እንኳ ያንብበው አያንብበው አያውቅም።

«ማን ያነብልኛል ብለህ ነው?» ይሉታል አለቃው ጋሽ ተድላ። «እኔ እንደሆነ በልምድ ነው የምሠራው።»

ሰኞ ዕለት ከመመሪያው ትእዛዞች አራተኛው ተራ ላይ አንድ የፈጠራ ትእዛዝ ሸጎጠ። እስከ ዓርብ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ከጠፋ ጽሕፈቱን ሊተው ማለ። ማክሰኞ ዝም፤ ረቡዕም ዝም። ስልኩን በየደቂቃው እየከፈተ ጥፍሩን በልቶ ጨረሰ።

ዓርብ ረፋድ የማሽኖቹን ክፍል በር ገፋ ሲያደርግ፣ ጋሽ ተድላ ኮፍያቸውን አውልቀው ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ እጅ ሲነሱ አገኛቸው፤ ልክ አራተኛው ተራ እንደሚያዘው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ጋሽ ተድላ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

«አላስረዳም።»