ለኦዲን ፈረስ ያልቀረችው ነዶ

በእኛ መንደር ገብስ ሲታጨድ የመጨረሻዋ ነዶ ማሳው ላይ ትቀራለች፤ የኦዲን ፈረስ ይብላት ተብሎ ነው። ፈረሱ ስምንት እግር እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ያየው ግን የለም።

ጎረቤቴ ቶርዲስ ዘንድሮ አጨደቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይ! ኦዲን የጦር አምላክ ነው፤ ይቀየምሻል» አልኳት።

«ይቀየማ! እሱ አንድ ዓይን ሰጥቶ ጠቢብ ሆነ አሉ፤ እኔ ሁለት ልጅ ለጦርነት ሰጥቼ ምን ሆንኩ? የቀረኝ ኬቲል ነው። እሱን አልሰጥም፤ ገብሴንም አልሰጥም።»

ነዶዋን ተሸክማ ወሰደችና ለባዝራዋ ጋጣው ውስጥ ጣለችላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ኬቲል ደጃፉ ላይ ማጭድ ሲስል፣ ከጋጣው የማኘክ ድምፅ ሰማን። ባዝራዋ ውጭ ውሃ እየጠጣች ነበር።

ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አየሁ። እግር ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ቶርዲስ፣ ስንት ፈረስ ነው ያለሽ?»

«አንድ። ምነው፣ ገዢ አምጥተህልኛል?»

«እንግዲያው ይሄ ስምንት እግር የማን ነው?»

በሩን በረገደችው። አንድ ግራጫ ፈረስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ነዶዋን ይበላል። ጀርባው ላይ የኬቲል ኮርቻ ተጭኗል።

«እኔ አልጫንኩትም፣ እማዬ» አለ ኬቲል። እግሩ ግን ወደ ፈረሱ መራመድ ጀምሮ ነበር።

ቶርዲስ ማጭዱን ከልጇ እጅ ነጥቃ የኮርቻውን ጠፍር ቆረጠችው። ኮርቻው መሬት ወደቀ።

«ለጌታህ ንገረው፤ ባዶህን ነው የምትመለሰው» አለችው።

ማኘኩ ቆመ።